የተበሳችው ጠጠር

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ይህን ያለ ሰው ጠጠር ጥሎ አያውቅም። በኛ አገር ሰው የሚወጋው እጅ ተጨብጦ ነው፤ የተወጋው ማን እንደወጋው ሳያውቅ ይኖራል፣ የወጋው ግን የት ይሸሻል? እኔ ሚኪዮን እባላለሁ፣ የፕሪኖስ መንደር ገበሬ ነኝ። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ጉልበቴ ከድቶኛል፣ የቀሩኝ ጥርሶች አራት ናቸው፣ ትናንት ማታ ምን እንደበላሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ያቺን ጠጠር ግን አውራ ጣቴ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ቴሊስ ጎረቤቴ ነበር። የሱን ማሳ ከኔ ማሳ የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው፤ እሱንም ልጆች ሆነን ስንዘልበት አፍርሰነዋል። አስራ ስምንት ዓመት ሞልቶን ድንበር ልንጠብቅ ስንሄድ ሁለት ክረምት በአንድ ብርድ ልብስ ተኝተናል። ብርድ ልብሱ የኔ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት የሚጎትተው ግን እሱ ነው። እንደ እሱ የሚያስቀኝ ሰው አልነበረም። እንደ እሱ የሚያናድደኝም አልነበረም።

የንዴቴ መነሻ ባቄላ ነው። እንዳትስቁ። አቴና ከተማ ወደሚቀመጠው የአምስት መቶዎቹ ሸንጎ ከመንደራችን በየዓመቱ ሁለት ሰው ይሄዳል። ሰዎቹን የሚመርጣቸው ደግሞ ሰው አይደለም። ማሰሮ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ባቄላ ይደረግና እጅህን ትሰዳለህ፤ ነጭ ያወጣ ይሄዳል፣ ጥቁር ያወጣ ወደ በሬው ይመለሳል። አማልክት የሚወዱትን የሚለዩት እንዲህ ነው ይላሉ። እኔ አስራ አንድ ጊዜ እጄን ሰደድኩ፣ አስራ አንድ ጊዜ ጥቁር ወጣልኝ። ቴሊስ ሁለት ጊዜ ሰደደ፣ ሁለቱንም ጊዜ ነጭ። ሰው በዕድሜው ከሁለት ጊዜ በላይ መሄድ አይችልም እንጂ ሦስተኛም ይወጣለት ነበር።

ከሸንጎ ሲመለስ አፉ አልዘጋ አለ። «እኛ ሸንጎ ሳለን…» ይላል በሬ ሲጠምድ። «እኛ ሸንጎ ሳለን…» ይላል አፍንጫውን ሲናፈጥ። አስራ አንደኛዋን ጥቁር ባቄላ ያወጣሁ ዕለት፣ መንደሩ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣

«አይዞህ ሚኪዮን! ባቄላ አንተን የምታውቅህ ሾርባ ውስጥ ነው!» አለኝ።

ሰው ሁሉ እየተንከተከተ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ አባ ሾርባ ሆነ። ልጆች በመንገድ «አባ ሾርባ!» ብለው ይሮጣሉ። ቤቴ ገብቼ ሚስቴን ሊሲላን፣ «ደግሞ እስቲ ሾርባ ሠርተሽ እይ!» ብዬ ጮህኩባት፣ ምንም ያላጠፋችውን ሴት። ለስድስት ዓመት እንዲህ ሆድ ሆዴን ሲበላኝ ኖረ። ለሱ ግን አንድ ቀን እንኳ «ተው፣ ከፋኝ» አላልኩትም። ብነግረው ይተው ነበር። ቴሊስን አውቀዋለሁ፣ ይተው ነበር።

በሰባተኛው ዓመት ከከተማ አዋጅ ወረደ። ባዕድ ሰዎች በየመንደሩ መዝገብ ሾልከው ገብተው ዜጋ ነን እያሉ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መንደር ይሰብሰብ፣ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ያንብብ፣ በእያንዳንዱ ስም ላይ ጠጠር ይጣል ተባለ። በአባቱም በእናቱም አቴናዊ ያልሆነ ይሰረዝ። የተሰረዘ ሰው መጤ ይሆናል፤ መሬት አይኖረውም፣ ድምፅ አይኖረውም፣ ዋስ የሚሆነው ዜጋ ፈልጎ በሰው አገር እንደሚኖር ሰው ይኖራል። ተበደልኩ ካለ ከተማ ችሎት ይግባኝ ይበል። ግን እዚያም ከተረታ እንደ በሬ ለባርነት ይሸጣል።

እኛ ይህን ስንሰማ ሳቅን። ፕሪኖስ ውስጥ ባዕድ ከየት ይመጣል? የከተማ ሰው ሥራ ፈት ነው ተባባልን።

ጠጠሩ የተጣለው በሄራክለስ መሠዊያ ፊት ባለው ሜዳ ላይ ነው። አንድ ፍየል ታረደ፣ ሁላችንም እጃችንን ሥጋው ላይ አድርገን፣ ያለ ቂም ያለ አድልዎ እንፈርዳለን ብለን ማልን። በሐሰት ብንምል ሖርኮስ፣ የመሐላ ጌታ፣ እኛንም ልጆቻችንንም ይከተል ብለን። ከዚያ ስም ይነበባል። ለእያንዳንዱ ስም ሁለት ሁለት ጠጠር ይሰጠናል፤ አንዷ ድፍን ናት፣ «የኛ ነው» ማለት ነው። አንዷ መሃሏ የተበሳ ናት፣ «የኛ አይደለም»። የምትፈርድባትን በነሐሱ ገንቦ፣ የተረፈችህን በእንጨቱ ትጥላለህ። ጣትህን ቀዳዳው ላይ ካደረግክ ማንም አያይብህም።

ረፋዱ ላይ ሃያ የሚሆን ስም አለፈ፤ በአንዱም ላይ የተበሳ አልተገኘም። ፀሐይ ከረረች። ሰው ደከመው፣ የሚያዛጋ አለ፣ በለስ የሚበላ አለ። ጠጠር መጣል የልጆች ጨዋታ መሰለን። ቴሊስ ወይራ እያኘከ ፍሬውን እየተፋ በሰው መሃል ይዞራል።

«የኔ ስም ሲደርስ ቶሎ ቶሎ በሉ፣ ሆዴን ርቦኛል» ይላል። «በኔ ላይ አንዲት የተበሳች ጠጠር፣ አንዲት ብቻ፣ ከተገኘች፣ ይህን የመሰለ ጢሜን ተላጭቼ ገበያ መሃል እዞራለሁ! በሄራክለስ ፊት ብያለሁ!»

ጢሙ የሚያምር ነበር፣ ያውቀዋል። ሲያወራ እንኳ ይደባብሰዋል።

የሱ ስም ሲነበብ የመንደሩ ሹም ኤጲጌኔስ ተነሳ። ኤጲጌኔስ ለምን እንደጠላው ሁላችንም እናውቃለን። የከተማችን ጠባቂ አምላክ የአቴና የሆነችውን የተቀደሰች የወይራ ጉቶ ከማሳው ሲነቅል ቴሊስ አይቶት ነበር፤ አይቶ ዝም አላለም፣ ሸንጎ ድረስ ወስዶ አስወቅሶታል። ኤጲጌኔስ ይህን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል።

«የዚህ ሰው አባት የኛ ነበር፣ አልክድም» አለ ድምፁን አለስልሶ። «እናቱስ? ቲማሬቴ የሌምኖስ ሴት ነበረች። ንግግሯን ሰምታችኋል። አባቷን ከናንተ መሃል ያየ አለ?»

ሰዉ ሳቀ፤ አንዳንዱ አፍንጫውን ያዘ። የሌምኖስ ሴቶችን ታሪክ የማያውቅ የለማ። የፍቅር አምላክ አፍሮዲቴን አናከብርም አሉ፤ እሷም ተቆጥታ ገላቸውን አገማችው፤ ባሎቻቸው ሲሸሿቸው በአንድ ጀንበር ወንድ የተባለውን ሁሉ አረዱ። ልጆች ሆነን ቴሊስን «አባትህ ዛሬም አለ?» እያልን እናበሽቀው ነበር። እሱም፣ «አለ፤ ግን ቢላዋ ደብቋል» ይለናል።

ያን ዕለትም ሳቀ። «እናቴ የተወለደችው ሌምኖስ ነው። አባቷ ግን እዚያ መሬት በዕጣ የደረሰው አቴናዊ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እዚህ አለ?» አለና እየዞረ አየን። ዓይኑ እኔ ላይ ቆመ። ፈገግ አለልኝ።

አውቅ ነበር። ከማንም በላይ አውቅ ነበር። የእህል አምላክ የዴሜቴር በዓል ላይ ሴቶቹ ለብቻቸው ሦስት ቀን ሲሰነብቱ የዜጋ ልጅና የዜጋ ሚስት ካልሆነች በቀር ማንም አትገባም። የገቡትን የምትመራዋን ደግሞ እነሱ ናቸው የሚመርጡት። አንድ ዓመት ቲማሬቴ መሪያቸው ነበረች፤ የመረጠቻት ደግሞ የገዛ እናቴ ናት። የአባቷን ስም ከነመንደሩ ታውቅ ነበር እናቴ፣ እኔ ፊት ተናግራዋለች። ተነስቼ ይህን ብቻ ብናገር ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

አልተነሳሁም። ትንሽ ላብ ያውጣው፣ አልኩ በሆዴ። የሆነ ሆኖ ማለፉ አይቀርም፤ ቴሊስን ማን ይጥላል?

ጠጠሮቹ ተሰጡን። ሰልፉ ውስጥ ቆሜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ሐሳቡ እንኳ ያስቅ ነበር። አንዲት ብቻ የተበሳች። አንዲት ምን ትጎዳዋለች? ሃምሳ ስምንት ድፍን፣ አንዲት የተበሳች። ጢሙን ተላጭቶ፣ እንደተላጠ እንቁላል ሆኖ ገበያ መሃል ሲዞር ታየኝ። ባቄላ ሾርባ ውስጥ ታውቅሃለች ብዬ ስመልስለት ታየኝ። አውራ ጣቴን ቀዳዳዋ ላይ አድርጌ የተበሳችዋን በነሐሱ ገንቦ ጣልኳት። ቅጭል አለች። ፊቴን አዙሬ ሳቄን ዋጥኩ።

ኤጲጌኔስ ገንቦውን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠው። ድፍኑን ወደ ግራ፣ የተበሳውን ወደ ቀኝ እየለየ ሲቆጥር የቀኙ ክምር ማደግ ጀመረ። አስር። አስራ አምስት። አንድ ሰው አጠገቤ «ኧረ በዜውስ!» አለ። ሃያ አምስት። በለስ የሚበላው መብላቱን ተወ።

የተበሳ ሠላሳ። ድፍን ሃያ ዘጠኝ።

የቴሊስ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ማንሳቱን ረሳው። «ድገሙት» አለ። ተደገመ። ሠላሳ ነው። አንዲቷ ጠጠር፣ አንዲቷ ብቻ፣ ወዲያ ብትሆን ኖሮ እሱ ሠላሳ እነሱ ሃያ ዘጠኝ ይሆኑ ነበር። ይህን ለማስላት ሸንጎ መቀመጥ አያስፈልግም፤ ጥቁር ባቄላ ያወጣ ሰውም ይችላል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ስሙ እዚያው ከመዝገብ ተሰረዘ። ከዚያን ዕለት ወዲህ መንደሩ ውስጥ የጠየቅከው ሁሉ «እኔ ድፍኗን ነው የጣልኩት» ይልሃል። ሃምሳ ዘጠኙም።

ቤት ስገባ ሊሲላ ሰምታ ጠበቀችኝ። «እነማን ናቸው እነዚህ ሠላሳ ውሾች?» አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «እማማ ቲማሬቴ እኛን መሬት ላይ አስቀምጣ አላጾመችንም? ባዕድ ሴት በዴሜቴር ፊት ልትቀመጥ? እጃቸው ይድረቅ! አንተስ ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ይሰማኛል» አልኳት።

የገብስ ቂጣና አይብ አቀረበችልኝ። «እጃቸው ይድረቅ» ካለች በኋላ ያንን ቂጣ በዚያው እጄ ቆርሼ በላሁት። ሊሲላ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሳታውቅ ሞተች።

በሦስተኛው ቀን ቴሊስ መጣ። በሩ ላይ የቆመውን ሰው አላወቅኩትም። አገጩ ነጭ ነው፣ እንደ በሽተኛ አገጭ፣ ሁለት ቦታ ምላጭ ቆርጦታል።

«ምነው ታፈጣለህ?» አለኝ። «ያልኩትን አደረግኩ። አንዲት ከተገኘች አላልኩም? ሠላሳ ተገኘች።»

ሊስቅ ሞከረ። ያኔ አልቅሼ ቢሆን፣ እግሩ ላይ ወድቄ ቢሆን! ምን ቆርጦኝ። ወንበር አቀረብኩለት።

«ምክር ፈልጌ ነው» አለ። «ልጄ ሄዲስቴ ለኤውቢዮስ ልጅ ታጭታ ነበር፤ ትናንት ዕቃዋን መለሱላት። ይግባኝ ልበል ወይስ ልተወው? ይግባኝ ካልኩ ምስክር እፈልጋለሁ። ከዚህ መንደር የማምነው አንተን ነው። ሌላው ሁሉ ሲያየኝ መሬት መሬት ያያል። አንተ ችሎት ፊት ቆመህ ምለህ ትመሰክርልኛለህ?»

እስኪ አስቡት። ሕይወቱን ይዞ መጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። አዎ ብዬው ቢሆን ይድን ነበር፤ እናቴ የነገረችኝን ብመሰክር የትኛው ዳኛ ይፈርድበታል? እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ችሎቱ ታየኝ፤ ኤጲጌኔስ ተነስቶ «አንተ ይህን ካወቅክ ያን ዕለት ለምን ዝም አልክ? ጠጠርህንስ የት ጣልክ?» ሲለኝ ታየኝ። በመሐላ ላይ መሐላ። አምስት መቶ ሰው ሲያየኝ ታየኝ።

«ተወው ወንድሜ» አልኩት። «ብትሸነፍ ትሸጣለህ። አንተ ብረት እግርህ ላይ ሆኖ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ብትሞት ልጅህን ማን ያያታል? መጤ መሆን መሞት አይደለም። እኔ አለሁልህ።»

ከወንበሩ ተነሳ። ከዚያ እጄን ያዘና፣ «እንግዲያው ዋሴ አንተ ሁን» አለኝ።

ጠጠሯ ስህተት ነበረች፤ ቀልድ፣ ቂም፣ የፀሐይ ድካም፣ የፈለጋችሁትን በሉት። ይቺ ምክር ግን ስህተት አልነበረችም። እያወቅኩ፣ ወንበር አቅርቤ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነው የሰጠሁት። እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚቆጨኝ እሷ ናት።

ማሳው ለአጎቱ ልጆች ሄደ። እሱ ልጁን ይዞ ወደ ፒሬዎስ ወረደ፣ ከወደቡ ገመድ ሠሪዎች ጋር ገባ። በመዝገቡም «ቴሊስ፣ በፒሬዎስ ነዋሪ፣ ዋሱ የፕሪኖሱ ሚኪዮን» ተብሎ ተጻፈ። በየዓመቱ እየሄድኩ አረጋግጥለታለሁ። ሄዲስቴ አንድ የጢሮስ ሸራ ሰፊ አገባች፤ ደህና ሰው ነው፣ ሲያየኝ ተነስቶ «አባባ ሚኪዮን» ብሎ ያስቀምጠኛል፣ የተጠበሰ ዓሣ ያቀርብልኛል። ዓሣውን እበላለሁ። ሆዴ ምን ዓይነት ሆድ እንደሆነ አላውቅም።

አንድ ጊዜ በአቴና ታላቅ በዓል ላይ አየሁት። ሰልፉ ወደ ላይ ወደ መቅደሷ ሲወጣ የዜጎች ልጆች በፈረስ፣ ሽማግሌዎች የወይራ ቅርንጫፍ ይዘው፣ መጤዎቹ ደግሞ ሐምራዊ ካባ ለብሰው የማርና የቂጣ ትሪ ተሸክመው ይሄዳሉ። ቴሊስ ትሪ ተሸክሞ መጣ። ሁለት ጊዜ ሸንጎ የተቀመጠ ሰው! አጠገቤ የቆመ ጎረምሳ፣ «እነዚህ መጤዎች ካባው ያምርባቸዋል» አለ። በጥፊ ልለው እጄን አንስቼ፣ መልሼ አወረድኩት። እኔ ማንን ነው የምመታ? ቴሊስ አየኝና በአንገቱ ሰላምታ ሰጠኝ። ጢሙ መልሶ አድጓል፣ ግን ሁሉም ሸብቷል።

ቀልድ ተወ። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፣ ሰው ቀልድ ሊተው እንደሚችል። ስሄድ «ዋሴ መጣ» ይለኛል፣ ወይን ይቀዳልኛል፣ ስለ ገመድ ያወራኛል። «እኛ ሸንጎ ሳለን» አይልም። አባ ሾርባ አይለኝም። በልቤ፣ በለኝ እባክህ፣ አንድ ጊዜ በለኝ እያልኩ ወይኑን እጠጣለሁ። ሁለት ሦስቴ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እሱ «ምን አልክ?» ሲለኝ «ወይኑ ጥሩ ነው» እላለሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላሉ፤ እኔ ግን አፌን ዘግቼ ውስጤ ተላ። አንድ ወንድ ልጅ ነበረኝ፣ ባሕር ላይ ቀረ። ሖርኮስ ይሁን ማዕበል አላውቅም። ማንን እጠይቃለሁ?

እንዲህ እንዲህ እያለ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሄደ።

ዘንድሮ በመከር፣ የሞቱ ወላጆች በሚታሰቡበት ቀን፣ ወተትና ማር ይዤ ገና በማለዳ እናቴ መቃብር ሄድኩ። የመንደራችን ሙታን ያሉት ወደ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሌላ ጊዜ ከታች በኩል ደርሼ እመለሳለሁ፤ ዘንድሮ ግን ውሃው መንገዱን ሰብሮት ስለነበር በላይ በኩል ዞርኩ። እዚያ የቲማሬቴን ድንጋይ አየሁ። እሾህ ውጦታል። ጥብጣብ የለ፣ ማሰሮ የለ። አንድ የሰው ፍየል ላዩ ላይ ተኝቶ ያመነዥካል።

ደሜ ፈላ። ልጅ ያላት ሴት! ፍየሉን በበትር አባረርኩና፣ እናቴን እንኳ በቅጡ ሳልሰናበት፣ በቅሎዬን ጭኜ ወደ ፒሬዎስ ገሰገስኩ። ቁጣ ጥሩ ነገር ነው፤ ለአንድ ቀንም ቢሆን ጥፋተኛው ሌላ ሰው ይሆንልሃል።

ቴሊስ ደጁ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል።

«አንተ ሰው!» አልኩት ገና ከበቅሎዋ ሳልወርድ። «እናትህ መቃብር ላይ ፍየል ይተኛል! አታፍርም? ሙታን ዛሬ ከልጆቻቸው እጅ ነው የሚጠጡት፤ አንድ ዋንጫ ውሃ ነፈግካት?»

ቀና ብሎ አላየኝም። «የማን እናት?» አለ።

«ያንተ ነዋ! የማን ሊሆን ነው?»

«እሷን ተዋት።»

«እንዴት ነው የምተዋት?»

ገመዱን አስቀመጠ። «ስማ ሚኪዮን። አንድ ሁለት ሰው ቢሆን ቂም ነው እል ነበር። ኤጲጌኔስና ዘመዶቹ አስራ አራት ናቸው፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። እነሱ ይሁን። የቀሩት አስራ ስድስቱስ? አብሬያቸው ያደግኩ ሰዎች ናቸው። ምን በደልኳቸው? ሌሊት ሌሊት አንድ በአንድ እያነሳሁ አሰብኩ፤ ምንም አላገኘሁም። እጃቸውን ፍየል ላይ አድርገው ምለው እንዲህ ከፈረዱ የሚያውቁት ነገር ነበረ ማለት ነው። እኔ የማላውቀው። እሷ ግን 'የአቴናዊ ልጅ ነኝ' እያለች አሳደገችኝ። በሷ ውሸት መሬቴን አጣሁ፣ ልጄ ተዋረደች። ውሃ? ከወጣሁበት ቀን ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልሰጠኋትም፤ አልሰጣትምም።»

ከበቅሎዋ ወረድኩ። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

«ከአስራ ስድስቱ አንዱ እኔ ነኝ» አልኩት።

አየኝ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ወደኔ ተጠጋ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ተስፋ ነው፣ በዜውስ እምላለሁ፣ ተስፋ ነው።

«እንግዲያው አንተ ታውቃለህ» አለ። «ንገረኝ። አልከፋብህም። ማን ነበረች? ምን ነበር የምታውቁት?»

«ምንም አላውቅም ነበር።»

«አትደብቀኝ ሚኪዮን። አርጅቻለሁ።»

«የማውቀው ዜጋ መሆኗን ነው። አባቷ የኛ ሰው እንደነበረ ነው። እናቴ ናት በዴሜቴር በዓል የመረጠቻት።»

«ታዲያ ለምን?»

ሌላ መልስ ፈለግኩ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ፈልጌ ያጣሁትን እዚያ ቆሜ ከየት ላምጣ?

«ጢምህን እንድትላጭ» አልኩት።

እጁ ሳያስበው ወደ አገጩ ሄደ። ባሕሩ ላይ ሰዎች ይጮሃሉ፣ ዕቃ ያራግፋሉ። ሄዲስቴ ከውስጥ «አባባ ሚኪዮን ነው? ዓሣ ላምጣ?» ስትል ሰማሁ።

«ነገ መንደሩን ሰብስቤ እናገራለሁ» አልኩት። «ችሎትም ቢሆን እሄዳለሁ…»

«ከሠላሳው ስንቱ በሕይወት አለ?» አለኝ። «ተወው። ለነሱ አይደለም የምትናገረው። ና፣ እንሂድ።»

ከቤት የውሃ ገንቦ፣ ወተትና ነጭ ጥብጣብ ይዞ ወጣ። በቅሎዋ ላይ ውጣ ስለው እምቢ አለ። መንገዱን በሙሉ በእግሩ ሄደ፤ እኔም በቅሎዬን እየሳብኩ ከኋላው። ሁለት ሽማግሌ፣ ግማሽ ቀን መንገድ።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ተንበርክኮ እሾሁን በባዶ እጁ መንቀል ጀመረ። ላግዘው ጎንበስ ስል በክንዱ መለሰኝ። እጁ ደማ። ድንጋዩን በልብሱ ጠረገ፣ ጥብጣቡን አሰረ፣ ገንቦውን አነሳ፤ ግን አላፈሰሰም።

«ንገራት» አለኝ።

ቆምኩ። ይቺ ሴት ልጅ ሳለሁ በለስ በቀሚሷ ይዛ የሰጠችኝ ሴት ናት።

«እማማ ቲማሬቴ» አልኩ። «እኔ ሚኪዮን ነኝ። ልጅዎን… ያለ ጥፋቱ… እርስዎንም…»

«ከፍ አድርግ» አለ ቴሊስ። «ጆሮዋ ይከብዳት ነበር።»

ጮህኩ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች መንገዱ ላይ ቆመው አዩኝ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ባቄላዋን፣ ጠጠሯን፣ ወንበር አቅርቤ የመከርኩትን ምክር፣ ዜጋ መሆናቸውን እያወቅኩ እንደነበር። ድምፄ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ስጨርስ ቴሊስ ዞር ብሎ አላየኝም። ግንባሩን ድንጋዩ ላይ አስደግፎ ውሃውን ቀስ እያደረገ አፈሰሰላት።

«ሰማሽ እማዬ?» አላት። «እኔ እኮ እነሱን አምኜ ነበር።»